መጨረሻውን አስቀድሞ የሚነግር መጽሐፍ አከራይ

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ለምን እንደቀነስኩ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ቤቱ የት እንደሆነና ምን እንደሚያከራይ ልንገራችሁ።

ደብረ ማርቆስ ነው። ከመናኸሪያው ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ ስልክ ጠጋኝና በአንድ ልብስ ሰፊ መሃል የተሸጎጠች የቆርቆሮ ክፍል አለች። ስም የላትም። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «መጽሐፍ እናከራያለን» ተብሎ ተጽፏል። ከሥሩ የነበረውን ስልክ ቁጥር ዝናብ አጥቦታል። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። መደርደሪያው እስከ ጣሪያ ይደርሳል። ከታች የተማሪ መጽሐፍ፣ ከመሃል የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ከላይ ደግሞ ማን እንዳመጣቸው የማይታወቁ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት። እነዚያን ለማውረድ አከራዩ ልጅ የቢራ ሳጥን ላይ ይወጣል።

መጻሕፍቱ ሁሉ ካኪ ወረቀት ለብሰዋል። ርዕሳቸው ካኪው ላይ በእስክርቢቶ ተጽፏል፣ ያውም በደቃቃ ፊደል። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነበር። ጥቁር ለብሼ፣ ነጠላዬን ዘቅዝቄ፣ የፍቅር ልብ ወለድ በብብቴ ይዤ ከተማውን ሳቋርጥ ማንም አላወቀብኝም። ያየኝ ሁሉ የጸሎት መጽሐፍ መስሎታል። እኔም አላረምኩም።

ዋጋውን ላስቀድም፤ ሂሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ ዋጋ ሳይነገረኝ ወሬ አይገባኝም። የአማርኛ ልብ ወለድ በቀን 5 ብር ነው። ወፍራም ከሆነ 8። እንግሊዝኛው 3 ብር ብቻ፣ ፈላጊ ስለሌለው። ማስያዣ 200 ብር ወይም መታወቂያ ይቀበላል። ብሩን አስያዝኩ። እናት የሞተችበት ሰው መታወቂያው ከኪሱ አይወጣም። ቀበሌ ይጠይቁሃል፣ ለወራሽነት ማረጋገጫ ፍርድ ቤት ይጠይቁሃል፣ ባንክ ይጠይቁሃል። ቴሌብርም ይቀበላል፣ ኔትወርክ ካለ።

እናቴን ሐምሌ መጨረሻ ላይ ቀበርናት። የሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ ለእንዲህ ዓይነት ሐዘን የሚሰጠው ሦስት የሥራ ቀን ነው። ሦስት ቀን ማለት እኛ ዘንድ ከሩቅ የሚመጣው ዘመድ ገና መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ የዓመት ፈቃዴን ጨመርኩበት። እስከ ሰባቱ ድረስ ቤቱ ሰው ነበር። ድንኳን፣ ንፍሮ፣ ካርታ የሚጫወቱ ጎረምሶች፣ «ሁሉም ሂያጅ ነው» የሚሉ ሽማግሌዎች። ከዚያ ድንኳኑ ፈረሰ። የእድሩ ወንበርና ድስት ተቆጥሮ ተመለሰ። አንዲት አክስቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት፣ አብራኝ ለመክረም ቀረች። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ነው፣ ከጮቄ በኩል የሚመጣ ብርድ አለበት። ቴሌቪዥኑ ከለቅሶው ቀን ጀምሮ ጨርቅ ለብሷል። ሬዲዮ አይከፈትም፣ ዘፈን ነውር ነው። መጽሐፍ ግን ድምፅ የለውም። ጎረቤት አይሰማውም። እንግዲህ ወደ ኪራይ ቤቱ የወሰደኝ ይሄው ነው፣ ሌላ ጥበብ የለኝም።

አከራዩ ወጣት ነው። ሲቪል ምህንድስና ተመርቆ ሥራ ሲያጣ ያለውን መጽሐፍ ይዞ እዚያች ክፍል ገባ። የፍቅር ልብ ወለድ አንባቢ ነው፤ ወንድ ልጅ ሆኖ አያፍርበትም። ጥቁር ለብሼ ስገባ አየኝ። ሌላው ሰው ጥቁር ሲያይ «ማን ሞተብሽ?» ይልና አዲስ ለቅሶ ይከፍታል። እሱ «እግዜር ያጽናሽ እህቴ» አለኝና ወዲያው «ሰው የሚሞትበት ይሁን የማይሞትበት?» ብሎ ጠየቀኝ። ቡና በጨው ነው በስኳር እንደሚባለው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይነበብ።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ትክክለኛ ጥያቄ የጠየቀኝ ነጋዴ የለም።

«የማይሞትበት» አልኩት። ሳጥኑ ላይ ወጣና ቀጫጭን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት አወረደልኝ። ሚልስ ኤንድ ቡን የሚባሉት ናቸው። ኩባንያው ለንደን ውስጥ የተቋቋመው በ1908 እ.ኤ.አ. ሲሆን ከ1930ዎቹ ወዲህ በተለይ አንድ ነገር ሲሸጥ ኖሯል፦ ሴትና ወንድ ይገናኛሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። አብዛኞቹ ሁለት መቶ ገጽ አይሞሉም። መጨረሻቸው የታወቀ ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚያውቁ ጓደኞቼ በዚህ ይስቃሉ። ይሳቁ። በዚያ ሰሞን ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ይወርድ ነበር። የቀጣዩን ገጽ መጥፎ ወሬ የማልፈራበት ነገር ያስፈልገኝ ነበር፣ ልጁም ሰጠኝ።

ስለ መጻሕፍቱ እውነቱን እንነጋገር። ወንዱ ብዙ ጊዜ የግሪክ ሀብታም ነው። በነዚህ መጻሕፍት ሚዛን ግሪክ አገር ድሃ የሚባል የለም። ሴቲቱ ወይ ነርስ ናት ወይ ጸሐፊ። የሚጣሉበት ነገር አንድ የስልክ ጥሪ የሚፈታው ነው፣ ግን ማንም አይደውልም። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ስማቸው ይቀላቀልብሃል። ቢቀላቀልም ግድ የለም።

አክስቴ መጀመሪያ አኮረፈች። ፍልሰታ ነበር። «በፍልሰታ፣ ያውም በሐዘን ቤት፣ ዳዊት እያለ!» አለች። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን የያዝኩት ዳዊት እንዳልሆነ ከፊቴ አወቀች። አንድ ማታ መብራት ሄደ። በሶላሯ መብራት ሳነብ ዝም ብላ ቆየችና «ምን ይላል?» አለችኝ። በአማርኛ እየመለስኩ ነገርኳት። ልጅቱ ለብቻዋ ከተማ ተከራይታ እንደምትኖር፣ ሰውየው አለቃዋ እንደሆነ፣ እንደሚወዳት ግን እንደማይናገር።

«ታዲያ ሽማግሌ አይልክም?»

እዚያ አገር ሽማግሌ የለም አልኳት።

«ዘመድስ የላትም ልጅቱ? አጎት እንኳ?»

ደራሲዋ ስለ አጎት አልጻፈችም። አክስቴ ከዚያ ማታ ጀምሮ የልጅቱን ጉዳይ የራሷ አደረገችው። ጠዋት እንጀራ ስትጋግር «ያ ሰውዬ ደወለ?» ትለኛለች። ሲሳሳሙ ገጽ እዘላለሁ። ታውቅብኛለች። «ዘለልሽ» ትላለች፣ ዓይኗን ከምጣዱ ሳታነሳ።

ከነዚህ በኋላ ልጁ አማርኛ ሰጠኝ። የሚገርመው ምርጫው ነው። ፎቶ ኮፒ ተደርጎ በስቴፕለር የተያዘ ቅጂ አወጣ፤ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» ብለን የምናውቀው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ደራሲው የዘጌ ሰው ነው፣ ጣና ዳር የተወለደ። ትምህርት ቤት ስሙን ለፈተና ሸምድጄዋለሁ፤ አንብቤው ግን አላውቅም ነበር። ቋንቋው ይከብዳል፤ ዓረፍተ ነገሩ ይረዝማል፣ ምሳሌው ይደራረባል። ታሪኩ ግን ጉድ ነው። አባት በጦርነት ይማረካል፣ በኋላም ይለቀቃል። ወንድ ልጁ ዋህድ ከቤት ወጥቶ ይጠፋል። እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። በመጨረሻ ይገናኛሉ፣ ሰርግ በሰርግ ላይ ይሆናል።

አስቡት እንግዲህ። የለንደኑ የፍቅር መጽሐፍ ፋብሪካ በተከፈተበት በዚያው 1908 እ.ኤ.አ.፣ በኛ 1900፣ አንድ የዘጌ ሰው ሮም ላይ በደስታ የሚያልቅ የአማርኛ ልብ ወለድ እያሳተመ ነበር። እኛስ የጀመርነው በሰርግ ነው። ከዚያ ወዲያ ምን ነካን?

ምን እንደነካን ጎጃም ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ነካን። ሀዲስ ዓለማየሁ የዚሁ አገር ልጅ ናቸው፤ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው እንዶዳም በ1902 ዓ.ም. ተወለዱ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ማንኩሳ የቡሬን መንገድ ይዞ ለሚሄድ ሰው አሁንም በመስኮት የሚያያት ከተማ ናት፤ ዲማም አለች። እናቴ መጽሐፉን አላነበበችም። በሬዲዮ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው የሰማችው፣ ጎረቤት ቤት ተሰብስበው። ስለ ጉዱ ካሳ ስታወራ የሥጋ ዘመዷን የምታማ ነው የሚመስለው። መጨረሻው ሲደርስ ግን ተነስታ ትሄድ እንደነበር ነግራናለች። በዛብህ መንገድ ላይ ሲቀር መስማት አልፈልግም አለች።

አንድ ቀን መደርደሪያው ላይ አየሁትና እጄን ሰደድኩ። ልጁ ቀደመኝ። «ይሄን ጥቁር ለለበሰ አላከራይም» አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር። የምሩን ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ነይና ውሰጂው፣ አሁን ግን አልሰጥሽም አለ። የ8 ብር ዕቃ አልሸጥም የሚል ነጋዴ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትንሽ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። እኔ ትልቅ ሰው ነኝ፣ የማነበውን የምመርጠው እኔ ነኝ። ቤት ስደርስ ግን ንዴቱ ለቆኝ ነበር። የሚያከራየውን የሚያውቅ ሰው ነው በቃ።

አሁን ወደ ምናባዊው ልምጣ። ሳጥኑ ላይ ወጥቶ ካወረዳቸው መጻሕፍት ውስጥ ኡርሱላ ለጉዊን የምትባል አሜሪካዊት በ1968 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው አለ። ኧርዝሲ የሚባል የደሴቶች ዓለም ላይ የሚካሄድ የጠንቋይ ታሪክ ነው። ልጁ ሲሰጠኝ «የልጁ እናት ትሞታለች፣ ግን መጀመሪያው ላይ ነው፣ ገና ሳናውቃት» አለኝ። ልክ ነው። ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ትሞትና ታሪኩ ይቀጥላል። ይህን ያህል መታገሥ እችላለሁ ብዬ ወሰድኩት።

ጌድ የሚባል ልጅ ነው፣ ተራራማ ደሴት ላይ ፍየል ጠባቂ። አክስቴ እዚህ ላይ ጆሮዋ ቆመ። ፍየል ጠባቂ ታውቃለች። አስማት ሲማር «ደብተራ ነው በይኛ» አለች። አዎ፣ ደብተራ በይው አልኳት። ከዚያ አንድ የተቸገርኩበት ነገር መጣ። በዚያ ዓለም ሰው ሁሉ ሁለት ስም አለው። የሚጠራበት ስምና እውነተኛው ስም። እውነተኛውን በጣም ከሚያምኑት ሰው በቀር ለማንም አይናገሩም፤ ያወቀባቸው ሰው ሊገዛቸው ይችላል። ይህን እንዴት እንደማስረዳት ሳስብ አክስቴ እንደ ቀላል ነገር፦

«የክርስትና ስሙን ነዋ የሚደብቀው።»

ነው እንጂ! ልጅ ሆነን እናቴ የክርስትና ስማችሁን ለማንም እንዳትናገሩ፣ መተት ይሠሩባችኋል ትለን ነበር። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ የተማሩ ልጆች ይህን መጽሐፍ ቢያነቡ የስሙን ነገር አዲስ ፈጠራ ብለው ያደንቁ ነበር። ለአክስቴ የቤት ደንብ ነው። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ከኔ በላይ የምታውቀው እሷ ሆነች። የሚመጣውን ቀድማ ትናገራለች። ልጁ በትዕቢት ተነሳስቶ ሙት ሊጠራ ሲል «ተው፣ ተው» አለች፣ እጇን እያወራጨች። አልተወም። ጥላ የመሰለ ክፉ ነገር ወጣበት።

መሃል ላይ አንድ ቦታ አለ። ጌድ አድጎ አንድ የዓሣ አጥማጆች መንደር ጠንቋይ ሆኗል። የጎረቤቱ ሕፃን ይታመማል። ሌሊት ይጠሩታል። ሲደርስ ልጁ እየሄደ ነው። ጌድ ልተወው አይልም። በመንፈሱ ይከተለዋል። ሕፃኑ ጨለማ ቁልቁለት ላይ ከፊቱ ይሮጣል። ጌድ ይጠራዋል፣ ልጁ አይዞርም። እያለፈ፣ እየራቀ ይሄዳል። ጌድ በጣም ርቆ እንደመጣ የሚገባው ዘግይቶ ነው። ሽቅብ ሲመለስ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ያገኛል፤ በሕያዋንና በሙታን መሃል ያለው ድንበር እሱ ነው። ካቡን ተሻግሮ ወደ ገላው ይመለሳል፣ ግን ወድቆ አይነቃም። የሚያነቃው የሚያሳድጋት ትንሽ አውሬ ናት፤ እየላሰች።

ይህን ሳነብ ድምፄ ተያዘ። አክስቴም ዝም አለች። ለቅሶ ቤት ውስጥ የማይባል ነገር ስላለ ነው። ካህኑ ያጽናናል፣ ሽማግሌው «የፈጣሪ ሥራ ነው» ይላል፣ ሴቶቹ «በርቺ» ይላሉ። «ተከትያት ሄጄ ብመልሳትስ?» የሚል ግን የለም። ቢል ያበደ ይመስላል። እኔ ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ነበር የማስበው። ሐኪም ቤት ቀደም ብለን ብንወስዳትስ፣ ባሕር ዳር ብናደርሳትስ፣ እጇን ባልለቅስ። ይህ መጽሐፍ ያን ሐሳብ እንደ እብደት አልቆጠረውም። ሂድ እሺ፣ ተከተል አለው። መንገዱን አሳየው፣ ቁልቁለቱን፣ ካቡን። ከዚያ አይቻልም አለ። እንዴት እንደማይቻል ጭምር።

አክስቴ ግን አንድ ቅሬታ አላት፣ እኔም እስማማለሁ። ጌድ ሲነቃ ታሪኩ ከሱ ጋር ይሄዳል፤ ጥላው አለ፣ ጉዞው አለ። አክስቴ ግን ጥላውንም ጉዞውንም አልጠየቀችም። «እናትየዋስ?» አለች። ልጇ የሞተባት እናት። መጽሐፉ እሷ ጋ አልቆየም። «ረሷት» አለች። በማግስቱ ጠዋትም ይህንኑ ደገመችው።

እንግዲህ ወደ ተቀነሰው ኮከብ።

ልጁ መጨረሻ ይነግራል ብያለሁ። መሃሉን ግን ይረሳል። «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን ሰጠኝ። ማርጋሬት ሚቼል የጻፈችው፣ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ታስሮ ሳለ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው መጽሐፍ ነው። ይህን ታሪኩን ሰምቼ ስለነበር ለብቻው ጓጉቼለት ነበር። እስር ቤት ቁጭ ብሎ፣ ወረቀት ሳይኖር፣ የአሜሪካ ባላባት ሴት ልጅ የፍቅር ጣጣ መተርጎም! ሐዘን ቤት ቁጭ ብዬ የፍቅር ልብ ወለድ ስላነበብኩ ለሚገረሙብኝ ሁሉ መልሴ ይሄ ነው። አማርኛውም ይጣፍጣል።

ልጁን ማን ይሞታል አልኩት። «መጨረሻ ላይ ባልና ሚስቱ ይለያያሉ፣ እሷ ግን ተስፋ አትቆርጥም» አለኝ። እሺ ብዬ ወሰድኩት። የማያውቅ ካለ ልንገር፦ ስካርሌት ከሚነደው ከአትላንታ ሸሽታ፣ በተጎሳቆለ ፈረስና ጋሪ፣ እናቴ ጋ ከደረስኩ ሁሉም ይስተካከላል እያለች ወደ ቤቷ ትጓዛለች። ትደርሳለች። እናቷ በታይፎይድ ሞታለች። ከትናንት ወዲያ እንኳ አይደለም፣ ትናንት።

እኔ ለሥራ አዲስ አበባ ነበርኩ። ሲደውሉልኝ «ታማለች፣ ቶሎ ነይ» ነው ያሉኝ፣ እንደ ልማዳችን። የአባይን በረሃ ስወርድም ስወጣም፣ ደጀን ላይ ሹፌሩ ሻይ ልጠጣ ብሎ ሲቆምም፣ እናቴ ጋ ከደረስኩ ይስተካከላል እያልኩ ነበር። ስለዚህ እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዘጋሁት። ጥቂት ቀን አልነካሁትም። ኪራዩ ግን ቆጠረ፣ በቀን 8 ብር።

ስመልስለት ነገርኩት። ደነገጠ። «መጨረሻውን ነው የጠየቅሽኝ ብዬ ነው» አለ። ልክ ነው፣ መጨረሻውን ነው የጠየቅኩት። ግን እንዲህ ዓይነት አገልግሎት ከጀመርክ እስከ ጥጉ መሥራት አለብህ። ጥቁር ለብሶ ለገባ ሰው «እናት ትሞታለች፣ ገጹም ይህ ነው» ማለት ይገባል። አንዷ ኮከብ የሄደችው እዚህ ጋ ነው። በማግስቱ ሳልፍ በእርሳስ ካኪው ውስጠኛ ገጽ ላይ «መሃሉ ላይ እናት አለች» ብሎ ጽፎበት አሳየኝ። ጥሩ ነው፤ ኮከቧን ግን አልመለስኩም።

ቀሪዎቹን በአጭሩ። «ዴርቶጋዳ»ን ደግሜ አነበብኩት። ይስማዕከ ወርቁ በ2001 ዓ.ም. ያወጣው፣ ጣናንና ገዳማቱን የምስጢርና የሳይንስ ጀብዱ ሜዳ ያደረገው ነው። ፍጥነቱ አሁንም ያዘኝ። ገጸ ባሕርያቱ ግን ትምህርት ያበዛሉ። አክስቴ ጣና ሲባል ደስ ብሏት ነበር፤ ቴክኖሎጂው ሲበዛ እንቅልፍ ወሰዳት።

ለሚከራይ ሰው የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ የበፊቶቹ አንባቢዎች በየኅዳጉ ጽፈዋል። አንዱ የፍቅር ልብ ወለድ ላይ፣ ልክ ነገሩ በተበላሸበት ቦታ፣ በሰማያዊ እስክርቢቶ «አትጨነቁ፣ ይታረቃሉ» የሚል አገኘሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን የጻፈውን ሰው እረግመው ነበር። በዚያ ሰሞን መረቅኩት። እንዲህ ያለ ጽሑፍ የማይወድ ካለ መጽሐፉን ከመውሰዱ በፊት ያገላብጥ። ሁለተኛ፣ ልጁ ጉዳት ያስከፍላል። ለአርባው ጠላ ስንጠነስስ አክስቴ የጌሾውን ውሃ አንዱ መጽሐፍ ላይ አፈሰሰችው። 20 ብር ተቀጣሁ። ያ ሳያንስ ውስጠኛው ሽፋን ላይ «በጌሾ የተበላሸ» ብሎ ቀኑን ጻፈበት። ለሚቀጥለው ተከራይ እኔ እንዳልሆንኩ ማሳወቄ ነው።

የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ ዝናብ ካልከለከለ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ። ጭቃ ስላለ ባጃጅ እስከ በሩ አይደርስም።

የመጨረሻው ኪራዬ ከሚልስ ኤንድ ቡኖቹ አንዱ ነበር። አክስቴ ወደ አገሯ ልትመለስ ስትል ለስንብት የያዝነው። ሰውየው ግሪክ ነው፣ እንደተለመደው። ልጅቱ ጥላው ወደ እንግሊዝ ልትሄድ አውሮፕላን ማረፊያ ደርሳለች። ገጽ ስገልጥ የለም። የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች ተቀደው ወጥተዋል። አክስቴ «እና?» ትላለች። እና የለም።

ከእነ ዝናቡ ሄድኩ። ልጁ መጽሐፉን አገላብጦ አየና «አዎ፣ ይሄ ድሮም እንዲህ ነው» አለኝ። ለምን ታከራየዋለህ ስለው «መጨረሻውን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለ። ሳጥኑ ላይ እንደቆመ ነገረኝ። ሰውየው አውሮፕላን ማረፊያ ይደርሳል፣ በረራው ግን ተነስቷል። ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ ከኋላው ትጠራዋለች፤ ለካ አልተሳፈረችም። እናቱን አስከትሎ ነው የመጣው፣ ይቅርታ የምትጠይቀውም እናትየዋ ናት። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል አለኝ።

ሽማግሌ!

አክስቴ በዚህ መጨረሻ በጣም ረክታ ነው የተሳፈረችው። እኔ ግን ልጁ ከየት እንዳመጣው ጥርጣሬ አለኝ። ሌላ ቅጂ ያለው ሰው ካለ ይጻፍልኝ፤ ሽፋኑ ላይ ነጭ ጀልባ ያለበት ነው። ኪራዩን ደግሞ ሙሉ ነው ያስከፈለኝ፤ ገጽ ጎደለ ብሎ ሳንቲም አልቀነሰም።